የመጋዙ ሁለተኛ እጀታ

ባለፈው ጥር አምቦ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለሁለት ቀን በተዘጋጀ ወርክሾፕ ላይ እንድገኝ ተጠራሁ። የጥሪው ደብዳቤ «አንጋፋ የፍትሕ ባለሙያ» ይለኛል። አንጋፋ ማለት ከፊት ወንበር አስቀምጠውት ማንም ሐሳቡን የማይጠይቀው ሰው ማለት መሆኑን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሚገባ ተረድቻለሁ። በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ እስክሪብቶና ማንም የማይጽፍበት ማስታወሻ ደብተር ተደርድሯል። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ዞረ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በጥንቃቄ የተነበበ ሰነድ እሱ ብቻ ነበር።

ተናጋሪው ወጣት የሕግ ሰው ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ፈረንጆች መንገድ ሲጠርጉ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራና፣ «ሌብነት የፈጸመን ሰው ከማሰር ይልቅ በኅብረተሰቡ መካከል እየሠራ እንዲቀጣ ማድረግ ለሀገራችን ፍጹም አዲስ አስተሳሰብ ነው» አለ። አዳራሹ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መካከል ከሆቴሉ ግቢ የኤሌክትሪክ መጋዝ መጮህ ጀመረ፤ ተጨማሪ ክፍሎች እየተሠሩ ነበርና። ወጣቱ ፊቱን አጨፍግጎ መስኮቶቹ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ተዘጉ። እኔ ግን ከሁለቱ መጋዙን መስማት እመርጥ ነበር። ስለ ጉዳዩ የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳለሁ ነው። አምቦ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በሕዝቡ አፍ ግን ያችው አምቦ ነበረች። አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈዋል። መጽሐፉ በአውራጃው ፍርድ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ከዳኛው በቀር የሚገልጠው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሥራዬ የዳኞችን ውሳኔ ማርቀቅና በንጹሕ መገልበጥ ነው። የእጅ ጽሕፈቴን ለማየት ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ ብል ትምክሕት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ቢሆንም ይመጡ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሸነን ወዲያ ካለች አንዲት መንደር የአንድ ጣውላ ሰንጣቂ መዝገብ በይግባኝ መጣ። ስሙ ቶላሳ ነው። ከጅባት ጫካ የተቆረጠውን ዝግባና ቀረሮ በረጅም መጋዝ እየሰነጠቀ፣ አቶ ዘውጌ ለሚባሉ የጣውላ ነጋዴ ያስረክባል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የሰው መሬት ያርሳል። በዚያ በልግ ጅብ የቶላሳን የሸምበቆ በር ገንጥሎ ገባና ከልጆቹ መደብ አጠገብ የታሰረችውን ጥጃ ወሰደ። ከልጆቹ እስከ ጥጃዋ ያለው ርቀት ሁለት ክንድ አይሞላም። ቶላሳ በማግስቱ ራሱ ከሰነጠቀው የአቶ ዘውጌ ጣውላ አራት ወስዶ በር ሠራ። እሱን ለመያዝ መርማሪ አላስፈለገም፤ በዚያ መንደር የጣውላ በር ያለው ጎጆ ሌላ አልነበረም። አቶ ዘውጌ በበቅሎ ሲያልፉ አዩት፤ ቆሙ፤ በአለንጋቸው እጀታ አንኳኩት፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሄዱ።

በሩ ተነቅሎ፣ በአህያ ተጭኖ፣ ኤግዚቢት ሆነ። ቶላሳ አልካደም። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃሉ አንድ መስመር ነው፤ «ወስጃለሁ፤ በሩን ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ተዉልኝ» ይላል። ለዚህ ልመና መልስ የሰጠ የለም። የበታቹ ፍርድ ቤት ስምንት ወር እስራት ሲፈርድበት የጻፈው ሐተታ ግን አምስት ገጽ ነበር። ስለ ሌብነት አስከፊነት፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ዘመናዊ ንግድ መስፋፋት ሁሉ ተብራርቶበታል፤ ጅብ የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልገባበትም። ከመዝገቡ ጋር በሩም አምቦ ድረስ መጣ። ክፍላችን ጠባብ ስለነበረች በሁለት ሣጥኖች ላይ አጋድሜ ጠረጴዛ አደረግሁት፤ የሻይ ብርጭቆዬንም አስቀምጥበት ነበር። ይህን የምጽፈው ከዚህ በታች ሌሎችን ስነቅፍ ራሴን እንዳልዘለልሁ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ከእስራቱ የሚብሰው ጊዜው ነበር። ቶላሳ ጭሰኛ ነው። በሰኔ ያልታረሰ መሬት ላይ የባለርስቱ ሰዎች በሐምሌ ሌላ ጭሰኛ ያስገባሉ። እሱ ስምንት ወር ታሰረ ማለት ሚስቱ አያንቱና ሦስት ልጆቿ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መሬቱን፣ በመጨረሻም ጎጆውን አጡ ማለት ነው።

ይግባኙን የጻፈው ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው ለደም ከሳሽም፣ ለወሰን ገፊም፣ ባሏን ለምትፈታም ያው አንድ ማመልከቻ ነበረው፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ቶላሳ ጣውላ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅና ጠላቶቹ በሐሰት እንደወነጀሉት በሦስት ገጽ ዘርዝሮ ጽፎለታል። ያመነን ሰው መልሶ የሚያስክድ ማመልከቻ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይዘውት የቀረቡት የአያንቱ አባት ኦቦ ዲንሳ ነበሩ፤ ከሸነን ጉደር በእግራቸው፣ ከጉደር አምቦ በጭነት መኪና መጥተው፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሶ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ እዚህ ላይ አማቼ አልሰረቀም ይላሉ» አልኋቸው።

«ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ። አሻራዎ ይኸው።»

አውራ ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጠው አዩት። «እንግዲያው ዋሽቷል» አሉ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰርቋል። ጣውላውን እኔም አብሬ ተሸክሜአለሁ።»

«ይህን ሌላ ሰው ፊት አይድገሙት።»

«እሺ፣ አንተም አልሰማህም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወህኒ ቤት ገብቶ ምን ይሠራል?»

«ይታሰራል።»

«እሱ ሥራ ነው? እሱ ይቀመጣል፣ ልጄ ስንቅ ታመላልሳለች። የታሰረችው እሷ ናት። እኛ ዘንድ የሰረቀ ሰው ሰው እያየው ይሠራል፤ ያን ጊዜ ያፍራል። ወህኒ ቤት ማንን ሊያፍር ነው? ሁሉም ሌባ ነው። ሸነን ላይ ትምህርት ቤት ሠርተዋል፤ ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። መጋዝ ይስጡት፣ ወንበር ያውጣ። ሲመሽ ቤቱ ይግባና በሩ ላይ ይተኛ። በር የለውማ።»

በአምስት ገጽ ፍርድና በሦስት ገጽ ማመልከቻ ውስጥ ያላገኘሁትን ሽማግሌው ቆመው ነገሩኝ። መጽሐፉን ገለጥሁ። ነጻነቱን ሳያጣ በግዴታ ሥራ ሊቀጣ ስለሚችል ጥፋተኛ የሚናገር አንቀጽ አለ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለባለጉዳይ መጻፍ ስለማይፈቀድለት እኔ ተናገርሁ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ጻፈ፤ ግማሽ ገጽ ሆነ። «እንዲህ ካጠረ ማን ማመልከቻ ይለዋል?» እያለ እስከ መጨረሻው ሲያዝን ነበር።

ዳኛችን ግራዝማች ወልዴ ጥቂት የሚናገሩ፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን የሚውጡ ሰው ነበሩ። በቀጠሮው ቀን አቶ ዘውጌ ከሸነን ድረስ መጥተው፣ ከእጃቸው የማትለይ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቶላሳ በወዲያኛው በኩል፣ እጁ በሰንሰለት፣ ዓይኑ መሬት ላይ።

«ጌታዬ» አሉ አቶ ዘውጌ፣ «ሌባ ቤቱ እያደረ ተቀጣ ሲባል የት ተሰምቷል? ነገ አገሩ ሁሉ ጣውላዬን ወስዶ ወንበር ልሥራ ሊለኝ ነው።»

«ጣውላው ያንተ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «የጫካው ፈቃድ መዝገቡ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«ቤት ረስቼው ነው» አሉ አቶ ዘውጌ።

«በሦስቱም ቀጠሮ?»

አቶ ዘውጌ ፈገግ አሉ። በችሎቱ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ሰውየው የመንግሥትን ጫካ ያለ አንዳች ወረቀት እንደሚያስቆርጡ የማያውቅ አልነበረም። አራት ጣውላ የወሰደው በሰንሰለት፣ ጫካውን የወሰዱት በጃንጥላ ቆመዋል። ግራዝማች «እኛ ፊት የቀረበው የአራት ጣውላ ጉዳይ ነው» አሉና ገጹን ገለበጡ። በዚያች ገጽ መገለበጥ ብዙ ግንድ አለፈ። ውሳኔያቸው ግን መልካም ነበር፤ እስራቱ ተነሥቶ፣ ቶላሳ የደን መሥሪያ ቤት ለትምህርት ቤቱ በፈቀደው ግንድ ስድሳ ቀን ጣውላ እንዲሰነጥቅ ፈረዱና ትእዛዙን እንዳረቅ ሰጡኝ።

ሁለት ሌሊት... አይ፣ ልኩን ልናገር፤ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። በዚያ ዘመን የግዴታ ሥራ የተፈረደበት ሰው ወንድሙን ወይም ቅጥረኛ ልኮ፣ ራሱ ገበያ መዋሉ የተለመደ ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን «ዘመዱም ሆነ እርሱ በዋጋ የቀጠረው ሰው ሳያግዘው» የሚል ሐረግ ጨመርሁ። ሥራው በአሥር ቀን ውስጥ ካልተጀመረ ወይም ከተቋረጠ እስራቱ ይጸናል የሚልም አከልሁበት። ግራዝማች አንብበው «ጠበቅ ያለ ነው» ብለው ፈረሙ። እኔም ረካሁ። አንድም ስርዝ ድልዝ አልነበረውም።

ሥራው በትክክል መጀመሩን አይቼ እንዳስታውቅ ለአንድ ሳምንት ወደ ሸነን የተላክሁት እኔው ነኝ። እስከ ጉደር በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ነክቶታል፤ ወንዙ ቀልቶ ይጮሃል፤ ከእንሰቱ አጥር ጀርባ የቆጮ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ይመጣል። አዲስ ኮት ለብሻለሁ። ከፊቴ ቶላሳና ጠባቂው አሥር አለቃ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሸነን ስንደርስ ከአሥሩ ቀን ስምንቱ አልቆ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግንዱን ትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ ከጉድጓድ በላይ በተጋደመ ርብራብ ላይ ተዘጋጅቶ አገኘነው። ቶላሳ ወጣ። በከሰል የተነከረ ክር ወጥሮ መስመሩን መታ። የመጋዙን የታች ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ሰደደና ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

«የሚይዝልኝን።»

«ምኑን?»

ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት ተመለከተኝ። የጣውላ መጋዝ ሁለት እጀታ አለው። አንዱን ግንዱ ላይ የቆመው፣ ሌላውን ጉድጓድ ውስጥ የቆመው ይይዘዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ይህን የማያውቁ በአውራጃው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ትእዛዙን ያረቀቀውና የፈረመው።

ረዳት ፍለጋ ወጣሁ። መንደሩ በግማሽ የቶላሳ፣ በግማሽ የአያንቱ ዘመድ ነው፤ ዘመድን ደግሞ በራሴ ብዕር ከልክያለሁ። ዘመድ ያልሆነው ዋጋ ይጠይቃል፤ ቅጥረኛንም ከልክያለሁ። በሸነን ኮት የሚለብሱት ሰዎች ነገሩ እጅግ የሚያሳዝን መሆኑን በጨዋ አማርኛ ገለጹልኝ፤ ነገር ግን መጋዙን ቢይዙ ሰው እስረኛ እንደሚላቸው ፈሩ። አሥር አለቃውን ጠየቅሁት።

«እኔ ጠባቂ ነኝ፣ አቶ አበራ» አለ። «የምጠብቀውን ሰው ካገዝሁ ማን ይጠብቀዋል?» ይህን ብሎ ዛፍ ሥር ጋደም አለና ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ።

ኮቴን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልሁና ጉድጓዱ ውስጥ ወረድሁ። ዘመዱ አይደለሁም፤ በዋጋም አልቀጠረኝም። ደግነት እንዳይመስል፤ የቶላሳ ልጆች በዚያች ሰዓት ትዝም አላሉኝ። በእኔ እጅ የተጻፈ ትእዛዝ በሞኝነት ፈረሰ እንዳይባል ብቻ ነው።

ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ወረደብኝ። በዓይኔ፣ በጆሮዬ፣ በአንገትጌዬ ገባ።

«አቶ አበራ፣ አይግፉ» ይላል ቶላሳ ከላይ። «ይጎትቱ ብቻ። መግፋቱ የኔ ነው። ዓይንዎንም ይጨፍኑ።»

«ጨፍኜ መስመሩን እንዴት አያለሁ?»

«መስመሩን እኔ አያለሁ። እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፤ ይጎትቱ።»

እኔ ግን መስመር አለማየት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ዓይኔን ገልጬ፣ መጋዙን ወደ መሰለኝ እየሳብሁ፣ አንድ ግንድ በሁለት ቀን አበላሸሁ። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሰው ይሰበሰባል። ሰው እያየው ይሠራል የተባለው ቶላሳ ነበር፤ የሚታየው ግን እኔ ሆንሁ። አንዲት ሴትዮ ገብስ ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ «ይሄኛው ደግሞ ምን ሰርቆ ነው?» ስትል ሰማሁ።

«ወረቀት» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ።

በምሳ ሰዓት አያንቱ ቆጮና አይብ ታመጣለች፤ ለባሏ አቅርባ ለእኔ በተለየ ቅጠል ላይ ታኖርልኛለች። ከባለጉዳይ እጅ መብላት ደንብ እንደማይፈቅድ ነገርኋት። «ደንቡ ጉድጓድ ውስጥ አብሮን አልገባም» አለች። በላሁ። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሕፃኗን አዝላ በር ወደሌለው ጎጆዋ ትመለሳለች።

ችግሩ የእኔ ሳምንት አላቂ መሆኑ ነበር። ቅዳሜ መመለስ አለብኝ፤ ሰኞ መጋዙን የሚይዝ ከሌለ ሥራው ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ እስራቱ ይጸናል። ይህንንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። አቶ ዘውጌ በበቅሎ መጡና ከአፋፉ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ዝናብ አልነበረም።

«አቶ አበራ» አሉ፣ «መንግሥት ያን ሁሉ ያስተማረዎት ጉድጓድ ለማውረድ ኖሯል?»

«የሚተካኝ እስካገኝ ነው። ከሠራተኞችዎ አንዱን ይስጡኝ።»

«ለሌባዬ አጋዥ ልስጥ?» ዙሪያቸውን አይተው ሳቁ፤ የሳቀላቸውም ሰው አልጠፋም።

«ደመወዙን የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ ቶላሳ አልቀጠረውም። ዘመዱም አይደለም። ትእዛዙን አውቀዋለሁ።»

«ባልሰጥስ?»

«ያን ጊዜ ሥራ እፈታለሁ። ሥራ ስፈታ ሪፖርት እጽፋለሁ። የትምህርት ቤቱን ግንድ የጫካ ፈቃድ አይቻለሁ። የእርስዎን ግን እስካሁን አላየሁም። ዛሬም ቤት ረስተውት መጡ መሰለኝ።»

አቶ ዘውጌ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ከዚያ ወዲያ ጮክ ብለው አልተናገሩም። በማግስቱ ማለዳ አንድ ብርቱ ጎልማሳ «ጌቶች ላኩኝ» ብሎ መጣና እጀታውን ከእጄ ተቀበለኝ። በእሱ እጅ መጋዙ ዘፈነ። እኔም ስለ ጫካው ፈቃድ በሪፖርቴ ላይ አንዲት ቃል አላሰፈርሁም። የአራት ጣውላውን ሌባ ለማዳን የጫካውን ሌባ ደብቄአለሁ። ግራዝማች ገጹን ሲገለብጡ ንቄአቸው ነበር፤ እኔም ገለበጥሁ።

ቅዳሜ ከመነሣቴ በፊት የትምህርት ቤቱ አናጢ የሰነጠቅሁትን ጣውላ አንድ በአንድ አየ። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ስስ፣ መካከሉ እንደ እባብ የሚሄድ ነበር። «ይህ ወንበር አይሆንም፤ ልጅ ቢቀመጥበት ይወድቃል» አለ። የማይጠቅም ዕቃ ደግሞ በወረቀት መወገድ አለበት። ወረቀቱን ራሴ ጻፍሁ፤ «ለወንበር የማይሆን፣ ለሠራተኛው ማገዶ የተሰጠ»። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፈረመ፣ እኔም ፈረምሁ። ቶላሳ ማገዶውን በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ማገዶ እንዳላደረገው ለማወቅ ሪፖርት አላስፈለገኝም።

ስድሳ ቀኑን ጨረሰ። በሰኔ ጎህ ሲቀድ እያረሰ፣ ፀሐይ ስትወጣ መጋዙ ዘንድ እየደረሰ፣ መሬቱንም አስቀረ። የአቶ ዘውጌን በር ግን ባለቤቱ ሊወስዱት አልመጡም፤ ከአምቦ እስክዛወር ድረስ ሻይ ጠጣሁበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሥራ ምክንያት በላንድሮቨር በዚያ በኩል አለፍሁ። አቶ ዘውጌ ሞተው ኖሯል፤ በጸሎትና በጥይት ተኩስ በታላቅ ክብር እንደተቀበሩ ሰዎች በአድናቆት አወሩልኝ። ጫካውም ከነበረበት ሸንተረር ወዲያ አፈግፍጓል። ቶላሳ ጎጆው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «አቶ አበራ፣ ይኸው እጅዎ» አለኝ። በጣውላዎቹ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ የውስጡ እሳት ይታያል። አፈርሁ።

«ነፋስ ያስገባል» አለ ቶላሳ። «ጅብ ግን አያስገባም።»

በወርክሾፑ መጨረሻ ወጣቱ «ከአንጋፋዎች አስተያየት ካለ» አለ። ተነሣሁ። «ትእዛዙን ስትጽፉ የመጋዙን ሁለተኛ እጀታ ማን እንደሚይዝ ጨምራችሁ ጻፉ» አልሁ። አዳራሹ ለሽማግሌ የሚሳቀውን ለስላሳ ሳቅ ሳቀልኝ። «እናመሰግናለን አባታችን» አለ ወጣቱና ምሳ መድረሱን አበሠረ። ከሁለት ቀን ንግግር ሁሉ በእውነት የተጨበጨበለት ይህ ነው።

እኔ ወደ ምሳው ሳልሄድ ግቢው ውስጥ ወጣሁ። የኤሌክትሪኩን መጋዝ አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ብቻውን ይዞታል። የሚወጣው ጣውላ ቀጥ ያለ ነው፤ ነፋስም አያስገባም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ጽሑፍ ጽፌአለሁ፤ ዛሬ በየትኛው መጋዘን አይጥ እንደሚበላው አላውቅም። ከእጄ ከወጣው ሁሉ ለአንድ ቤት መዝጊያ የሆነው ያ ጠማማው ብቻ ነው። ቆሜ ሳይ ሰጋቱራው እየበረረ ካፖርቴ ላይ አረፈ።

ወጣቱ የሕግ ሰው ሳህኑን ይዞ ወደ በረንዳው ብቅ አለ። «አባታችን፣ ራቅ ይበሉ እንጂ፤ ልብስዎ ተበላሸ» አለኝ።

አላራገፍሁትም።